«ጋይ» እና «ጋይስ» መንታ ይመስላሉ እንጂ አንድ ቃል አይደሉም

ጥያቄሽን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ከተለያየ አገር ሰዎች ጋር በኢንተርኔት መሥራት ከጀመርሽ ጥቂት ወራት ሆኖሻል። የቡድናችሁ ኃላፊ ሴት ናት፤ ከስድስታችሁ አምስታችሁ ሴቶች ናችሁ፤ እሷ ግን ስብሰባ በከፈተች ቁጥር «ሃይ ጋይስ» ነው የምትለው። መዝገበ ቃላት ስታዪ «ጋይ» ማለት ወንድ ነው ይላል። አንቺም ቃሉን ልልመደው ብለሽ አንዲት የሥራ ባልደረባሽን «ሺ ኢዝ ኤ ጉድ ጋይ» ብለሽ አመሰገንሻት፤ ሁሉም ሳቁ። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ አንድ በዕድሜ የገፉ ደንበኛችሁ ስታወሪ «ዛት ጋይ» አልሽ፤ የኃላፊዋ ፊት ተለወጠ። «ታዲያ ለሴት ይሆናል ወይስ አይሆንም? ንቀት አለበት? መቼ ነው የምለው?» ብለሻል።

እህቴ፣ መጀመሪያ አትፈሪ። ያሳሳተሽ መዝገበ ቃላቱ ነው። እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ ለአዋቂዎችም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ ይህ ቃል ያላደናቀፈው ተማሪ አላየሁም። መዝገበ ቃላቱ «ጋይ» ብሎ ይጽፍና ከጎኑ ብዙ ቁጥሩን «ጋይስ» ያስቀምጣል፤ አንባቢውም እንደ በግና በጎች ያለ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። በኑሮ ውስጥ እነዚህ ሁለት ቃላት የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት። ነጠላው «ጋይ» ስለ አንድ ወንድ ይናገራል። ሰዎችን ፊት ለፊት ስትጠሪበት «ጋይስ» የሚሆነው ግን ስለ ወንድ አይናገርም፤ ሥራው «እናንተ» ማለት ነው።

በጆሮሽ ሞክሪው። አንድ ሰው «በሩ ላይ ሦስት ጋይስ ቆመዋል» ቢልሽ ምን ታያለሽ? ሦስት ወንዶች። ማንም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሴቶችን አያስብም። አሁን ደግሞ አንዲት እናት ከወጥ ቤት ሆና ሁለት ሴት ልጆቿን «ጋይስ፣ ራት ደርሷል!» ብላ ስትጠራ አስቢ። ማንም አይገረምም። ቃሉ ያው ነው፤ ፊደሉም ያው ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በመጀመሪያው ስለ ሰዎች እየተወራ ነው፣ በሁለተኛው ሰዎች እየተጠሩ ነው። ይህችን ልዩነት ከያዝሽ የጥያቄሽ ግማሹ ተመለሰ።

ለምን እንዲህ ሆነ? እዚህ ላይ አማርኛ ማወቃችን ይጠቅመናል፤ ምክንያቱም እኛ ያለን እንግሊዝኛ ግን የጣለው ነገር አለ። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እርስዎ እንላለን። አንዱን ሰው ከብዙው ለመለየት አንድ ሰከንድ አናስብም። እንግሊዝኛም ድሮ እንዲህ ነበር። ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰው «ዪ» እና «ዩ» ይባል ነበር። ከዚያ ብዙ ቁጥሩን ለአንድ የተከበረ ሰው መጠቀም ተጀመረ፤ ልክ እኛ «አባቴ መጡ፣ እሳቸው ናቸው» ስንል በብዙ ቁጥር መልክ እንደምናከብረው ማለት ነው። አክብሮቱ ግን ከመኳንንቱ ወርዶ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ጎረቤቱ ተዛመተ። በመጨረሻ ሰው ሁሉ «ዩ» ሆነ። «ዛው» መባል እንደ ስድብ መቆጠር ጀመረ፤ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በኋላም ከተራው ንግግር ወጣ። ሰውን በማዕረግ አንለይም ብለው አሮጌውን መልክ ይዘው የቆዩት ኩዌከር የሚባሉት የሃይማኖት ማኅበረሰብ ሰዎች ነበሩ። አንዳንድ የገጠር ዘዬዎችም አልለቀቁትም፤ ጸሎትና አሮጌ ግጥም ውስጥም ቀርቷል።

እንግዲህ ሁሉም «እርስዎ» ሲሆን «እናንተ» የሚባል ቃል ጠፋ ማለት ነው። አስቢው፤ አምስት ሰው ፊት ቆመሽ «ዩ» ስትዪ አንዷን ነው ወይስ ሁላቸውንም? አይታወቅም። ቋንቋ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ዝም ብሎ አይተውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በየአካባቢያቸው ጣፉት። የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች «ዩ ኦል» የሚለውን አሳጥረው «ያል» አሉ። በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ «ዩዝ» የሚል ትሰሚያለሽ። ፒትስበርግ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ «ዪንዝ» የሚል የራሷ ቃል አላት። ብሪታንያ ውስጥ «ዩ ሎት» ይላሉ፣ ትንሽ የቁጣ ወይም የቀልድ ቃና ያለው። በቀሪው አሜሪካ ጉድጓዱን የሞላው «ዩ ጋይስ» ነው፤ ከዚያም ከፊልሙና ከቴሌቪዥኑ ጋር ሌላው ዓለም ደረሰ። ስለዚህ ኃላፊዋ «ሃይ ጋይስ» ስትል አማርኛው «ሰላም ወንዶች» አይደለም። «ሰላም፣ እንዴት ናችሁ» ነው። ወይም ከጓደኞቻችን ጋር «እሺ ልጆች» እንደምንለው ነው፤ እዚያ «ልጆች» ስንል ዕድሜም ፆታም አንቆጥርም፣ ብቻ ሰብሰብ በሉ ነው የምንለው።

ይህ ቃል እዚህ የደረሰበት መንገድ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ትንሽ ልቆይበት። «ጋይ» መጀመሪያ የሰው ስም ነው። ከፈረንሳይኛ የገባ የተጸውዖ ስም፤ ፈረንሳዮች «ጊ» ብለው ያነቡታል፣ ጣሊያኖች «ጉዊዶ» ይሉታል። እንግሊዝ ውስጥ ከዚህ ስም ባለቤቶች አንዱ በ1570 ዓ.ም (እ.ኤ.አ.) ዮርክ ከተማ የተወለደው ጋይ ፎክስ ነበር። ካቶሊክ ነው፤ ለስፔን ጦር የተዋጋ ወታደር ነበር። በዘመኑ የእንግሊዝ ካቶሊኮች ይሳደዱ ስለነበር በሮበርት ኬትስቢ የሚመራ ቡድን ንጉሥ ጄምስ 1ኛን ከነፓርላማው ለማፈንዳት አሴረ። ባሩዱን የመጠበቅና የመለኮስ ሥራ ለጋይ ፎክስ ተሰጠ። በኅዳር 1605 ዓ.ም፣ ከ4 ለ5 አጥቢያ ሌሊት፣ ከጌቶች ምክር ቤት በታች ባለው ምድር ቤት ውስጥ ከ36 በርሜል ባሩድ ጋር ተያዘ። ስሙን ሲጠይቁት «ጆን ጆንሰን» አላቸው። ተሠቃየ፣ ተፈረደበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥር 31 ቀን በስቅላት ተቀጣ። ወራትና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፓርላማው የዳነበት ቀን በየዓመቱ በምስጋና ጸሎት እንዲታሰብ ሕግ ወጣ፤ ሕጉ እስከ 1859 ድረስ አልተሻረም። ሕዝቡ ግን ከጸሎቱ ይልቅ እሳቱን ወደደ። ኅዳር 5 ምሽት ላይ ደመራ ያቀጣጥላሉ፣ ርችት ይተኩሳሉ። ልጆች ከአሮጌ ልብስና ከገለባ የሰው ምስል ሠርተው በየመንገዱ እየገፉ «ለጋይ አንድ ሳንቲም» እያሉ ይለምኑ ነበር፤ ማታ ምስሉን እሳት ውስጥ ይጥሉት ነበር። ልብ በይ፣ እዚህ ላይ «ጋይ» የሰውየው ስም መሆኑ ቀርቶ የምስሉ ስም ሆነ። ፎክስ የተማረበት የዮርክ ትምህርት ቤት ዛሬም አለ፤ የገዛ ተማሪያችንን አናቃጥልም ብለው ምስሉን እሳት ውስጥ አይከቱም። ይህን ታሪክ ስነግራቸው ተማሪዎቼ ቃሉን ደግመው አይረሱትም።

ከዚያ ነገሩ ተንከባለለ። ምስሉ የተቀዳደደ፣ የማይገጥም ልብስ የለበሰ ነው። ስለዚህ በ1830ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ አለባበሱ የሚያስቅ ሰው «ጋይ» ተባለ፤ ስድብ ነበር። «መጎየት» እንደማለት ግሥም ሆኖ ነበር፣ በሰው ማላገጥ ለማለት። ቃሉ አትላንቲክን ሲሻገር ግን ስድቡ ረገፈ። በ1840ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ጋይ» ማለት እንዲሁ ተራ ሰው፣ ማንኛውም ወንድ ሆነ። በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ብዙ ቁጥሩ ሴቶችንም መጥራት ጀመረ። አንድ የተሰቀለ ወታደር፣ ከዚያ የገለባ ምስል፣ ከዚያ ዝርክርክ ሰው፣ ከዚያ ማንኛውም ወንድ፣ በመጨረሻ «እናንተ»። ሌላ እንዲህ ያለ ጉዞ ያደረገ የሰው ስም አላውቅም።

አሁን ወደ ነጠላው እንምጣ፤ አንቺን ያስቸገረሽ እሱ ነውና። «ኤ ጋይ» ሲባል አማርኛው «ልጁ» እና «ሰውዬው» በሚሉት መካከል የሆነ ቦታ ላይ ነው። «ሰውዬው» ስንል ምን ይሰማናል? ስድብ አይደለም፤ ክብርም የለውም። ስለማናውቀው ሰው ወይም ስለ እኩያችን እንለዋለን፤ አባታችንን ስለሚያክሙ ሐኪም ፊታቸው ቆመን አንልም። «ጋይ» እንደዚያ ነው። ከእኩዮችሽ ጋር ስለ አንድ የሠላሳ ዓመት ወንድ ስታወሪ ያለምንም ችግር «ዛት ጋይ» ትያለሽ። ስለ ሰባ ዓመት ደንበኛ፣ ያውም በሥራ ስብሰባ ላይ፣ ሲባል ግን ሰውየውን ቀለል አድርገሽ ያየሽው ይመስላል። በተለይ «ዛት» የሚለው ቃል አብሮት ሲሆን ከሩቅ በጣት እንደመጠቆም ይሆናል። ኃላፊዋን ያስቀየማት ይህ ይመስለኛል። በስማቸው ብትጠሪያቸው፣ ወይም «ደንበኛችን» ብትዪ፣ ወይም «ጀንትልማን» ብትዪ ነገሩ ያልፍ ነበር። ፍርድ ቤት፣ የሐዘን መግለጫ፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ እነዚህ ውስጥ «ጋይ» ቦታ የለውም።

ነጠላው በጣም የሚያምርበት ቦታም አለ። «አይ ኖው ኤ ጋይ» የምትለዋን ውሰጂ። ቃል በቃል «አንድ ሰው አውቃለሁ» ናት፤ እውነተኛ ትርጉሟ ግን እኛ «አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ እሱ ይጨርስልሻል» የምንለው ነው። ላፕቶፕሽ ተበላሸ፣ ቤት ልትቀይሪ ነው፣ ወረቀት የሚያስጨርስ ሰው ፈለግሽ፤ ወዳጅሽ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይ ኖው ኤ ጋይ» ትልሻለች። ውስጧ መተማመን አለ። ከሙያ ጋርም ይያያዛል፦ ኮምፒውተር የሚያስተካክለው «አይቲ ጋይ»፣ ዕቃ የሚያመጣው «ዴሊቨሪ ጋይ» ይባላል፤ አዲስ የተቀጠረው ደግሞ «ኒው ጋይ» ነው። ባለሙያዋ ሴት ከሆነች ግን ይህን ተዪው። ሰው ስለ ልማዱም ይናገርበታል፤ «እኔ የቡና ሰው አይደለሁም» እንደምንለው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወንድ «አይም ኖት ኤ ኮፊ ጋይ» ይላል። ሴት ከሆነች «ጋይ» በሚለው ምትክ «ፐርሰን» ትላለች።

አንድ ሌላ የምወደው አጠቃቀም አለ። እንስሳና ዕቃ ሳይቀር «ጋይ» ይሆናል። የእንስሳት ሐኪም ቡችላ ይዞ «ዚስ ሊትል ጋይ» ይላል፤ ወጥ የሚሠራ ሰው የተከተፈውን እንጉዳይ እያሳየ «እነዚህን ጋይስ አሁን እንጨምራቸዋለን» ይላል፤ ጥገና የሚያስተምር ሰው ብሎኑን እየጠቆመ እንዲሁ። እዚህ ላይ ፍቅር አለ፤ የምትነኪውን ነገር ትንሽ ነፍስ ትሰጪዋለሽ። «ሊትል ጋይ» ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ ንግድ ሲወራ «ዘ ሊትል ጋይ» ማለት ጉልበት የሌለው ተራው ሕዝብ፣ ትንሹ ነጋዴ ማለት ነው። ጋዜጣ ላይ ካየሽው ቡችላ አይምሰልሽ።

ከፊቱ ሌላ ቃል ሲጨመርበት ነገሩ ይወሳሰባል፤ ተርጓሚን የሚጥለውም እዚህ ነው። ሁለቱን በደንብ ልንገርሽ። አንደኛው «ዋይዝ ጋይ» ነው። «ዋይዝ» ጥበበኛ ማለት ስለሆነ ሙገሳ ይመስላል። «ዋይዝ ማን» በእርግጥ ሙገሳ ነው፤ ጠቢብ ሰው ማለት ነው። «ዋይዝ ጋይ» ግን አዋቂ ነኝ ባይ፣ ምላሰኛ፣ ለሁሉ ነገር የሚያቆስል መልስ ያለው ሰው ነው። አስተማሪ ለተማሪ፣ ፖሊስ ለተጠርጣሪ በቁጣ ይለዋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የማፊያ አባል ማለትም ይሆናል። አለቃሽን ለማመስገን ብለሽ እንዳትናገሪው።

ሁለተኛው «ታፍ ጋይ» ነው፤ ይህን የተማርኩት በሰው ሐዘን ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ አስተረጉም ነበር። ሽማግሌው አባት ከከባድ ቀዶ ሕክምና ወጥተዋል። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ለልጃቸው «ሂ ኢዝ ኤ ታፍ ጋይ» አላት። እኔ ቸኩዬ «ኃይለኛ ሰውዬ ነው ይላል» አልኩ። ልጅቱ ደነገጠች። አባቷ ሐኪሞቹን ያስቸገሩ፣ የተቆጡ መስሏት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች፤ እንባዋ መጣ። ሐኪሙ ማለት የፈለገው «አባትሽ ብርቱ ናቸው፣ ይህን የሚያህል ነገር ችለው ወጡ» ነበር። ወዲያው አስተካከልኩት። ያኔ ሁለት ነገር ገባኝ። «ታፍ» የሚለው ቃል እንደ አነጋገሩ ብርቱም ጉልበተኛ ነኝ ባይም ይሆናል። «ጋይ» ደግሞ ሐኪሙ አፍ ላይ የፍቅር ቃል ነበር፣ እኔ አፍ ላይ «ሰውዬ» ሲሆን ክብራቸውን ገፈፈ። እንግሊዝኛ «ጋይ» ብሎ የሚያቀርበውን ሰው አማርኛ «ናቸው» ብሎ ነው የሚያቀርበው። ከዚያ ወዲህ ቃሉን ስሰማ ከመተርጎሜ በፊት የተናጋሪውን ፊት አያለሁ።

ሌሎቹን በፍጥነት። «ፎል ጋይ» ሌሎች ያጠፉት ጥፋት በእሱ ላይ የሚላከክበት ሰው ነው። «ናይስ ጋይ» ደግ ሰው ነው፤ በቅርብ ዓመታት ግን ወጣቶች ዘንድ «ደግ ስለሆንኩ ልትወደኝ ይገባል» ብሎ የሚያኮርፍን ወንድ ለመንቀፍም ይባላል፣ ስለዚህ ቃናውን አዳምጪ። «ማይ ጋይ» ወጣት ወንዶች እርስ በርሳቸው «የኔ ሰው» እንደሚባባሉት ነው። «ባድ ጋይ» ክፉው ወገን ነው፤ ሕፃናት ሲጫወቱ ጀምሮ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎች ስለ ሌቦቹ ሲያወሩ ድረስ ይሉታል።

ይቺ የመጨረሻዋ አንቺ ላይ የሳቁበትን ምክንያት ታሳያለች። «ጉድ ጋይስ» እና «ባድ ጋይስ» ስለ ሁለት ወገን ሲወራ ሴቶችም ይገቡበታል፤ መልካሞቹና ክፉዎቹ ማለት ብቻ ነው። አንዷን ሴት ለይተሽ «ኤ ጉድ ጋይ» ስትዪ ግን ወደ ነጠላው ተመለስሽ፤ ነጠላው ደግሞ ወንድ ነው። «ጎበዝ ወንድ ናት» እንዳልሽ ነው የተሰማቸው። ሳቁ የክፋት አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ችግር አለ፣ ያንቺም ጥፋት አይደለም። ለነጠላው «ጋይ» የሚመጣጠን የሴት ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ በደንብ የለም። «ጋል» የሚለው ያረጀ ነው። «ገርል» አዋቂ ሴትን ልጅ ያደርጋታል። «ውማን» ትክክል ነው፤ ግን ለተራ ወሬ ይከብዳል። «ሌዲ» አንዳንዴ ያከብራል፣ አንዳንዴ «ሴትዮ» ይሆናል። «ቺክ» ንቀት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ስም ይጠራል ወይም «ሺ ኢዝ ግሬት» ብሎ ቃሉን ዘልሎ ያልፋል። አንቺም እንዲህ አድርጊ።

ሴቶችን «ጋይስ» ብሎ መጥራቱስ ልክ ነው ወይ? እዚህ ላይ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ብዙዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ቃሉ ፆታውን ከጣለ ቆየ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ወንዱን በሴት ቃል ብንጠራው ዝም ይል ነበር? ታዲያ ለምን እኛ በወንድ ቃል እንጠራ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ባዶ ንትርክ አይመስለኝም። የሚቃወሙትን እረዳቸዋለሁ፤ ወንድ በበዛበት የሥራ ቦታ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት «ጋይስ» ሲባል ራሷን እንደተቆጠረች ላይሰማት ይችላል። አምስት ሴቶች ባሉበት፣ ሴት ኃላፊ በወዳጅነት ስትለው ግን ቅር የሚያሰኝ ነገር አላይበትም። ኃላፊዋ አንቺን አልረሳችሽም፤ «እናንተ» ነው ያለችሽ። አንቺ ራስሽ ስትናገሪ፣ በተለይ የማታውቂያቸው ሰዎች ካሉ፣ «ኤቭሪዋን»፣ «ኦል»፣ «ቲም» ወይም «ፎውክስ» ብትዪ ማንም አይከፋውም። «ኤቭሪዋን» ሁሉም ቦታ የሚሠራ ስለሆነ እኔ ለተማሪዎቼ መጀመሪያ እሱን ነው የማስይዛቸው።

በመሃል የቆመ አጠቃቀምም እንዳለ ልንገርሽ። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ከሩቅ ተቀምጠው አንድ ሰው «ዞዝ ጋይስ» ብሎ ሲጠቁማቸው ትሰሚያለሽ። ሴቶች ብቻ ከሆኑ ግን ብዙው ሰው አይለውም። ጥርጣሬ ሲገባሽ ይህን አስቢ፦ እያናገርሻቸው ከሆነ ሰፊ ነው፤ ስለ እነሱ እያወራሽ ከሆነ ጠባብ ነው።

ስለ አነባበቡ ትንሽ። እኛ «ጋይስ» ብለን እንጽፋለን፤ እኔም እዚህ እንዲሁ ጻፍኩት። በአፍ ግን መጨረሻው «ዝ» ነው፣ «ጋይዝ»። ፊደሉ ጂ፣ ዩ፣ ዋይ ነው። መሃል ያለችው ዩ አትነበብም፤ «ጊታር» እና «ጋይድ» በሚሉት ቃላት ውስጥ እንዳለችው ጂ ፊደል «ገ» ሆና እንድትቀር የምትጠብቅ ናት። በዩ ቦታ ኤ ከገባ «ጌይ» ይሆናል፤ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪን የሚያመለክት ሌላ ቃል ነው። በችኮላ ስትጽፊ አንድ ፊደል ያን ያህል ትለውጣለችና ከመላክሽ በፊት እይው። የድንኳንና የአንቴና ምሰሶ ወጥሮ የሚይዘው ገመድም «ጋይ» ይባላል፤ እሱ ግን ሌላ ቃል ነው፣ ከፎክስ ጋር ዝምድና የለውም።

ኢሜይል ላይ ለሥራ ባልደረቦችሽ፣ የምትቀራረቡ ከሆነ፣ «ሃይ ጋይስ» ብሎ መክፈት ይቻላል። «ዲር ጋይስ» ግን አትጻፊ፤ «ዲር» የወግ ሰላምታ ነው፣ «ጋይስ» የወዳጅ፤ ሁለቱ አንድ መስመር ላይ አይገጥሙም። ለደንበኛ በፍጹም። «የእናንተ» ለማለት ብዙዎች በአፍ «ዩር ጋይዚዝ» ሲሉ ትሰሚያለሽ፤ ሰምተሽ እለፊው፣ በጽሑፍ «ዩር» ብቻ ይበቃል።

እና ስለ ደንበኛው ነገር፣ ለኃላፊዋ አንድ መስመር ብትጽፊላት ጥሩ ይመስለኛል። «ባለፈው ያልኩት ቃል ለእሳቸው እንደማይሆን አላወቅሁም ነበር» በያት። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሚቀጥለው ስብሰባ «ሃይ ጋይስ» ስትል ደግሞ አንቺም «ሃይ ኤቭሪዋን» ብለሽ መልሺላት።